ከአገር ውጭ ለመሥራት የሚሹ ፋርማሲስቶች ምዝገባና በአገር ቤት የሚዘጋጁ ማስረጃዎች

ፋርማሲስት ከአገሩ ውጭ በሙያው ለመሥራት ሲያስብ በቅድሚያ የሚጠይቀው ቪዛ እንዴት እንደሚገኝ ነው። ቀጥሎም ፈተናው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ቢሆኑም ከእነርሱ የሚቀድም፣ በብዙዎች ዘንድ ግን ተረስቶ የሚቆይ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም ባለሙያው በአገሩ ምን እንደተማረ፣ በምን ፈቃድ እንደሠራና በምን ሁኔታ ሥራውን እንደለቀቀ በጽሑፍ የሚመሰክርለት አካል አለ ወይ የሚለው ነው። ቪዛ አግኝተውና በትምህርታቸው ብርቱ ሆነው ሳለ በዚህ በሦስተኛው ጥያቄ ምክንያት ከሙያቸው ውጭ የቀሩ ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም። ይህ ጽሑፍ የተለያዩ አገሮች የሚጠይቁትን በአጭሩ ካመለከተ በኋላ በተለይ በአገር ቤት ሊጠናቀቅ ስለሚገባው ጉዳይ ያብራራል።

በመጀመሪያ ዲግሪና ምዝገባ የተለያዩ መሆናቸውን መገንዘብ ያስፈልጋል። ዲግሪ ትምህርት ስለ መጠናቀቁ የሚሰጥ ማረጋገጫ ነው። ምዝገባ ግን ለሕዝብ መድኃኒት ለማደልና ለማማከር በሕግ የሚሰጥ ሥልጣን ነው። ሥልጣኑ የሚመነጨው ከአንድ አገር ሕግ ስለሆነ ከድንበር አይሻገርም። በኢትዮጵያ የተመዘገበ ፋርማሲስት ለንደን ወይም ቶሮንቶ ሲደርስ እንደ አዲስ አመልካች ይቆጠራል። የአገር ቤቱ ምዝገባ የሚያገለግለው ለአዲሱ ምዝገባ እንደ ማስረጃ ሆኖ ነው። የሥራ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘትም ምዝገባን አይተካም።

ጉዳዩ ከአዲስ አበባ ይልቅ እንደ አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ባሉ አካባቢዎች ለሚሠሩ ባለሙያዎች የበለጠ ይከብዳል። በእንጅባራና በቲሊሊ መካከል በሚገኘው የዘንገና ሐይቅ አቅራቢያ በአንድ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ፋርማሲስት የዞኑን ጤና መምሪያ በእንጅባራ ያገኛል፤ ለክልሉ ጤና ቢሮ ግን ወደ 120 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባሕር ዳር መድረስ አለበት። የጤና ሚኒስቴር፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ኤምባሲዎች ደግሞ ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው አዲስ አበባ ናቸው። የተማረበት ዩኒቨርሲቲ ጎንደር፣ ጅማ ወይም መቀሌ ሊሆን ይችላል። አንድ ደብዳቤ ስሕተት ቢገኝበት ይህ መንገድ በሙሉ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ለገጠሩ ባለሙያ ማስረጃን አስቀድሞ ማስተካከል የገንዘብም የዕድሜም ጉዳይ ነው።

ሦስቱ ምስክሮች

አገሮች የሚያወጡት ዝርዝር ቢለያይም የሚጠይቁት ከሦስት አካላት ቃል ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው፣ የሙያ ፈቃድ ከሰጠው አካልና ከአሠሪው መሥሪያ ቤት። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ባለሙያው ዲግሪውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስመርምሮ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስመትቶና በኤምባሲ አጸድቆ ሲጨርስ ማስረጃው የተረጋገጠ ይመስለዋል። እነዚህ ማኅተሞች ለኤምባሲና ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ይጠቅማሉ። የሙያ ተቆጣጣሪዎች ግን በማኅተም ብቻ አይረኩም። በአመልካቹ እጅ ያለፈውን ወረቀት ወደ ጎን ትተው ራሱን ምንጩን፣ ማለትም ሬጅስትራሩን፣ ፈቃድ ሰጪውንና የሆስፒታሉን የሰው ሀብት ክፍል በቀጥታ ይጠይቃሉ። መልስ ካልመጣ፣ ማኅተሙ የቱንም ያህል ቢበዛ ማስረጃው እንዳልተረጋገጠ ይቆጠራል።

ከዩኒቨርሲቲው እንጀምር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ሲመረቅ በአብዛኛው የሚሰጠው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ምክንያት ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚለቀቁት ተመራቂው ግዴታውን ሲወጣ ነው። ከደመወዙ በየወሩ ሲቆረጥበት የኖረ ባለሙያ ዕዳው ማለቁን ቢያውቅም፣ መጨረሱን የሚገልጽ ደብዳቤ አውጥቶ ለሬጅስትራሩ ካላቀረበ በዩኒቨርሲቲው መዝገብ እንደ ባለዕዳ ይቆያል። «ስቱደንት ኮፒ» የሚባለው ወረቀትም ለውጭ ምዝገባ አይበቃም። የሚፈለገው ከሬጅስትራሩ በታሸገ ፖስታ ወይም በዩኒቨርሲቲው ኦፊሴላዊ የኢሜይል አድራሻ በቀጥታ የሚላከው ነው። የትምህርቶቹን ዝርዝር ይዘትና የተሰጠውን ሰዓት የሚጠይቁም ስላሉ የተማሩበትን ሥርዓተ ትምህርት ቅጂ ከትምህርት ክፍሉ ወስዶ ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ሲለወጥ አሮጌውን ፈልጎ የሚያወጣ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለምና።

የተቋማት ስም መለወጥም የራሱን ችግር ያመጣል። ጅማ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ነበር። ጎንደርም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ እስኪባል ድረስ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ በሚል ስም ለብዙ ዓመታት ይታወቅ ነበር። በ1954 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የአዲስ አበባው የፋርማሲ ትምህርት ቤትም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ነበር። በቀድሞው ስም የተሰጠ ዲግሪ የያዘ ባለሙያ ተቋሙ ያው መሆኑንና ስሙ መቼ እንደተለወጠ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ከሬጅስትራሩ ማያያዝ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ምስክር ፈቃድ ሰጪው ነው። የአገራችን የቁጥጥር መዋቅር በአጭር ዘመን ደጋግሞ ተለውጧል። በአዋጅ ቁጥር 176/1991 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ተቋቋመ። በአዋጅ ቁጥር 661/2002 ደግሞ የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ተተካና የጤና ባለሙያዎች ቁጥጥርም በሥሩ ሆነ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይኸው መሥሪያ ቤት ወደ ምግብና መድኃኒት ብቻ ሲመለስ የባለሙያዎች ፈቃድ ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴርና ወደ ክልሎች ሄደ። ይህ ሁሉ በአገር ውስጥ ለሚሠራ ሰው የቢሮ ለውጥ ብቻ ነው። የውጭ አጣሪ ግን ፈቃዱ ላይ በታተመው ስምና አድራሻ ይጽፋል፤ በአድራሻው የነበረው መሥሪያ ቤት ዛሬ የባለሙያ መዝገብ አይዝም። በአሮጌው ስም የተሰጠ ፈቃድ የያዘ ሁሉ ፈቃዱን በአሁኑ ሥርዓት አሳድሶ መገኘት፣ ለአጣሪውም መልስ ሊሰጥ የሚችለውን የዛሬውን አካል አድራሻ ማስታወቅ አለበት።

ከዚሁ አካል የሚጠየቀው ሌላው ሰነድ በተለምዶ «ጉድ ስታንዲንግ» የሚባለው ሲሆን ባለሙያው ፈቃዱ ያልተሰረዘ፣ ያልታገደና የሥነ ምግባር ክስ የሌለበት መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ነው። የአገልግሎት ዘመኑ የተወሰነና ብዙ ጊዜም ከወራት የማይዘልቅ ስለሆነ ቀድሞ አውጥቶ በመሳቢያ ማስቀመጥ አይጠቅምም። ቀድሞ መሠራት ያለበት ደብዳቤው ሲጠየቅ የሚሰጥበትን መዝገብ ንጹሕና ወቅታዊ ማድረግ ነው። የፈቃድ እድሳቱ ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ጋር ስለተያያዘ የሥልጠና የምስክር ወረቀቶችን አለመጣል ያስፈልጋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ለተመረቁት የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ፈተና፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ተጨምሯል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመውጫ ፈተናን ማለፍ ዲግሪ ያስገኛል እንጂ ፈቃድ አያስገኝም።

ከምረቃ በኋላ ፈቃድ ሳያወጡ በዲቪ ሎተሪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ ወደ አሜሪካ የሄዱ ወጣቶች ያጋጠማቸው ችግር እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካው አሠራር አመልካቹ በተማረበት አገር የተመዘገበ ፋርማሲስት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። ሰውየው አምስት ዓመት ተምሯል፤ ግን በአገሩ አንድም ቀን አልተመዘገበም። ከዚያ ሆኖ ለመመዝገብ ሲሞክር በአካል መቅረብ፣ መፈተንና የአገር ውስጥ ልምድ ማቅረብ ይጠበቅበታል።

ሦስተኛው ምስክር አሠሪው ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ በአገራችን አጻጻፉ ልማዳዊ ነው። የተቀጠረበትን ቀን፣ ደመወዙንና የሥራ ግብር መከፈሉን ይገልጽና «መልካም ዕድል እንመኝለታለን» ብሎ ያበቃል። የውጭው ተቆጣጣሪ ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል። ባለሙያው በዕደላ፣ በመጋዘን፣ በክሊኒካል ፋርማሲ ወይስ በግዥ ክፍል ነበር? በሳምንት ስንት ሰዓት ሠራ? የሥራ መደቡ ፋርማሲስት ነበር ወይስ የፋርማሲ ኃላፊ? ደብዳቤውን የፈረመው ሰው ማን ነው፣ በየትኛው ስልክና ኢሜይል ይገኛል? ደብዳቤው እነዚህን እንዲይዝ መጠየቅ መብት ነው። ፈራሚው በግል ኢሜይል ብቻ የሚገኝ ከሆነ ብዙ አጣሪዎች አይቀበሉትም።

በዚህ አጋጣሚ በይፋ ብዙ የማይነገር አንድ ጉዳይ ማንሳት ግድ ይላል። ፈቃድን ለግል መድኃኒት ቤት ማከራየት በሙያችን ውስጥ የታወቀ ጥፋት ነው። የፋርማሲስቱ ፈቃድ በአንድ ከተማ መድኃኒት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሌላ ሰው መድኃኒት ያድላል፤ ባለፈቃዱ ደግሞ በሌላ ከተማ በመንግሥት ሆስፒታል ሙሉ ሰዓት ተቀጥሮ ይሠራል። በሕመምተኛው ላይ የሚያደርሰው አደጋ ግልጽ ነው። ከዚያ ሌላ ግን ባለሙያው ከዓመታት በኋላ ልምዱ ሲጣራ ሁለቱ መዝገቦች ይጋጫሉ። በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ ሙሉ ሰዓት መሥራቱን የሚያሳይ ማስረጃ ለአጣሪው አንድ ነገር ብቻ ይነግረዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሐሰት ማስረጃ ያቀረበን አመልካች ለረጅም ጊዜ ሊያግዱት ይችላሉ። ዓመቱን ለማራዘም ከወዳጅ መድኃኒት ቤት የሚጻፍ የልምድ ደብዳቤም መጨረሻው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስምና የዘመን አቆጣጠር

ብዙ ማመልከቻ የሚቆመው በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በእነዚህ ሁለት ጥቃቅን በሚመስሉ ነገሮች ነው። የኢትዮጵያዊ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ዲግሪው ላይ የባለቤቱና የአባቱ ስም ብቻ ሰፍሮ ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲመጣ የውጭው መዝጋቢ ሁለት ሰዎች ይመስሉታል። የፊደል ልዩነትም አለ። «ጸሐይ» የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በላቲን ፊደል በቲና በኤስ ይጀምረዋል፤ ሌላው በኤስ ብቻ። መጨረሻውን አንዱ በዋይ፣ ሌላው በአይ ይዘጋዋል። የአማርኛን ድምፅ እንኳ በላቲን መጻፍ እንዲህ ካስቸገረ፣ ከአውንጊ የመጡ ስሞች በየቢሮው ጸሐፊ ብዕር ምን ያህል መልክ እንደሚለዋውጡ መገመት አይከብድም። ከ8ኛ ክፍል የምስክር ወረቀት እስከ ዲግሪ፣ ከፈቃድ እስከ ፓስፖርት አንድ ዓይነት አጻጻፍ መኖሩን መመርመርና ልዩነት ካለ ፓስፖርት ከመውጣቱ በፊት ማስተካከል ይገባል። ፓስፖርቱ ከወጣ በኋላ ሁሉም ሰነድ ወደ እርሱ መጠጋት ይኖርበታል። የቀረው ልዩነት በፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም በሰነዶች ማረጋገጫ በተመዘገበ ቃለ መሐላ ይፈታል።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ትውልድ የልደት ምስክር ወረቀቱን ያወጣው ጎልማሳ ሆኖ ነው። በትምህርት ቤት አንድ ዓመት፣ በቀበሌ መታወቂያ ሌላ ዓመት ያለው ሰው ብዙ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በሐምሌ 2003 ዓ.ም. የተመረቀ ፋርማሲስት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተመረቀው በሐምሌ 2011 ነው። ማስረጃው ላይ የአቆጣጠሩ ዓይነት ሳይገለጽ «2003» ተብሎ ቢቀርና ፓስፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1988 መወለዱን ቢናገር፣ ሰውየው በ15 ዓመቱ የፋርማሲ ዲግሪ የያዘ ተአምረኛ ይሆናል። ቢሮዎች ሲተረጉሙ ሁልጊዜ 8 ዓመት የሚደምሩበት ልማድም ስሕተት ያስከትላል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። በጥቅምት ተቀጥሮ በሰኔ የለቀቀ ሰው የሥራ ዘመኑ በአንድ ዓመት ተዛብቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንዲጻፍ መጠየቅ ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ነው።

የአሜሪካው የ5 ዓመት ወሰን

በአሜሪካ ከውጭ የተመረቀን ፋርማሲስት ማስረጃ የሚመረምረው የፋርማሲ ቦርዶች ብሔራዊ ማኅበር ነው። አመልካቹ ማስረጃው ተገምግሞ ሲያበቃ «ኤፍ.ፒ.ጂ.ኢ.ኢ.» የሚባለውን የአቻነት ፈተናና የቶፍልን የእንግሊዝኛ ፈተና አልፎ የማኅበሩን የምስክር ወረቀት ያገኛል። ከዚያም ለሚኖርበት ግዛት ቦርድ አመልክቶ የተግባር ሰዓት ይሠራል፤ ይህም በብዙ ግዛቶች 1,500 ሰዓት ያህል ነው። በመጨረሻ የፈቃድ ፈተናውን ናፕሌክስንና አብዛኛውን ጊዜም የፋርማሲ ሕግ ፈተናን ይወስዳል። የአቻነት ፈተናው ለረጅም ዘመን በአሜሪካ ውስጥ ብቻ ሲሰጥ የኖረ በመሆኑ ከእንጅባራ ተቀምጦ የሚጨርሰው ሰው አልነበረም። በእንግሊዝኛው ፈተና ደግሞ ብዙዎችን ሲያንገላታ የኖረው የንግግር ክፍሉ ሲሆን ለብዙ ዓመታት ከ30 ነጥብ 26 ይጠየቅበት ነበር።

ለኢትዮጵያውያን ዋናው እንቅፋት ግን ከእነዚህ ፈተናዎች በፊት የሚመጣ ነው። ከታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 1 ቀን 2003 እ.ኤ.አ.) በፊት ለተመረቀ ሰው የ4 ዓመት የፋርማሲ ትምህርት ይበቃዋል። በዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ ለተመረቀ ግን ቢያንስ 5 ዓመት ያስፈልገዋል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በሕመምተኛው ላይ ያተኮረውን የ5 ዓመት ሥርዓተ ትምህርት የጀመሩት በ2001 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ገብተው በ4 ዓመት ሥርዓተ ትምህርት የተመረቁት ባለሙያዎች ያለ አንዳች የግል ጥፋት ከወሰኑ ውጭ ሆኑ። በኋላ የተማሩት ማስተርስ ዲግሪም ቢሆን የመጀመሪያውን የሙያ ዲግሪ ዓመት አይሞላላቸውም። ከእነርሱ መካከል በአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች በቴክኒሺያንነት የሚሠሩ አሉ፤ ዶክተር ኦፍ ፋርማሲውን እንደ አዲስ ተምረው የገቡም አሉ። በሆስፒታል መድኃኒት ክፍልን ሲመራ የኖረ ሰው በሌላ ፋርማሲስት ቁጥጥር ሥር ክኒን ሲቆጥር መዋሉ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ ሕጉ ስለ ሰውየው ችሎታ የሚለው ነገር የለም። የሚቆጥረው የትምህርቱን ዓመት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ተመልሶ ይመጣል። በሐምሌ 1995 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ማስረጃ ላይ «1995» ብቻ ከተጻፈ ለአሜሪካዊው መርማሪ ከወሰኑ በፊት የተመረቀ ይመስለዋል። እውነቱ ሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከወሰኑ በኋላ ነው። ስሕተቱን «ይጠቅመኛል» ብሎ ዝም ያለ አመልካች ኋላ ሲደረስበት የሚጠየቀው በማታለል ነው። በሌላ በኩል የ5 ዓመት ሥርዓተ ትምህርት የተማረ ወጣት ዓመታቱ በትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ በአንድ በግልጽ መታየታቸውን ማረጋገጥ አለበት። ገምጋሚው የሚቆጥረው ከዚያ ነው።

ሌሎች አገሮች

የ4 ዓመት ዲግሪ ላላቸው ባለሙያዎች ብሪታንያና ካናዳ በር አልዘጉም። በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ምዝገባን የሚያካሂደው እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው ጠቅላላ የፋርማሲ ምክር ቤት ነው። ከአውሮፓ ውጭ ለተማሩ የተዘረጋው መንገድ ኦስፓፕ የተባለ የአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ኮርስ፣ ቀጥሎ በክትትል ሥር የ52 ሳምንት የተግባር ሥልጠና፣ በመጨረሻም የምዝገባ ፈተና ነው። በእንግሊዝኛ በአይልትስ አካዳሚክ በእያንዳንዱ ክፍል 7 ነጥብ ይፈለጋል። ትምህርታችን በእንግሊዝኛ መሰጠቱ ከፈተናው አያድንም። የመንገዱ ፈታኝ ጎን የኮርሱ ክፍያ ነው።

በካናዳ ጉዳዩ በአንድ ብሔራዊ የማመልከቻ በር ይጀመርና የሰነድ ግምገማ፣ የምዘና ፈተናና የብቃት ፈተና ይከተላል። የብቃት ፈተናው አንዱ ክፍል አመልካቹ ሕመምተኛ ሆኖ ከቀረበ ሰው ጋር ተነጋግሮ የሚፈተንበት ነው። በመጋዘንና በአቅርቦት ሥራ ለቆየ ባለሙያ ይህ ክፍል ከባድ ስለሚሆን ከመሄዱ በፊት በዕደላ መስኮት ወይም በክሊኒካል ፋርማሲ የተወሰነ ጊዜ መሥራቱ ይጠቅመዋል። የመጨረሻው ፈቃድ የሚሰጠው በየክፍለ ሀገሩ ነው።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሂደት አጭር ነው። ማስረጃው ዳታፍሎው በሚባለው ድርጅት ከምንጩ ይጣራል፤ ከዚያ የኮምፒዩተር ፈተና ይሰጣል። ዱባይ፣ አቡ ዳቢ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ኳታር የየራሳቸው ፈቃድ ሰጪ ስላላቸው የአንዱ ፈቃድ በሌላው አይሠራም። ሂደቱ አጭር ቢሆንም ማጣሪያው ከሁሉም ይልቅ በአገር ቤት መሥሪያ ቤቶች መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ለሆስፒታልና ለዩኒቨርሲቲ የሚላክ ጥያቄ በወቅቱ መልስ ያገኛል ብሎ መጠበቅ አይቻልም ነበር። የመሥሪያ ቤቱን የሰው ሀብት ኃላፊ አስቀድሞ አነጋግሮ «እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል» ብሎ ማሳወቅ፣ መዘግየት ሲያጋጥምም ምክንያቱን በደብዳቤ አስደግፎ ለአጣሪው መላክ አመልካቹን ይረዳዋል።

በዲፕሎማ ወይም በደረጃ 4 የሠለጠኑ ድራጊስቶችና የፋርማሲ ቴክኒሺያኖች በእነዚህ አገሮች በፋርማሲስትነት አይመዘገቡም። የቴክኒሺያን ምዝገባ ለብቻው የሚጠየቅ ነው።

ስለ ወጪና ስለ ደላላ

የአሜሪካው መንገድ ከማስረጃ ግምገማ እስከ አቻነት ፈተና ባለው ብቻ ከ1,000 ዶላር በላይ ያስወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ በብር ሲሰላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ የጤና ባለሙያው ደመወዝ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ካርድ የሚፈጸም ስለሆነ አብዛኛው አመልካች በውጭ ካለ ዘመድ እጅ ይወድቃል። ስለዚህ ወደ ክፍያ ከመግባት በፊት «ብቁ ነኝ ወይ?» የሚለውን ከዋናው ተቆጣጣሪ አካል ጠይቆ በጽሑፍ መልስ ማግኘት ተገቢ ነው። የ4 ዓመት ዲግሪ ይዞ ለአሜሪካ የግምገማ ክፍያ የሚከፍል ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያፈሳል።

«የእንግሊዝ ሆስፒታል ይፈልግዎታል» የሚል ጥሪ ሲመጣም መጠንቀቅ ያሻል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የጤና ባለሙያዎችን ከአገር ወደ አገር መመልመልን የሚመለከት ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ በሆነውና 47 አገሮችን በያዘው፣ በ2023 ታድሶ 55 አገሮችን ባካተተው የባለሙያ እጥረት ያለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለችበት። ብሪታንያም ይህን ዝርዝር መሠረት አድርጋ ከነዚህ አገሮች በዘመቻ መመልመልን ከልክላለች። ባለሙያው በራሱ ተነሳሽነት ማመልከቱ አልተከለከለም። የተከለከለው ድርጅትና ደላላ መጥተው መመልመላቸው ነው። ስለዚህ ገንዘብ ተቀብሎ «በሆስፒታሉ ስም እመለምላለሁ» የሚል ሰው ወይ ደንቡን ይጥሳል፣ ወይ ሆስፒታሉን አያውቀውም።

ዝርዝሩ የወጣበት ምክንያት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአንድ ጤና ጣቢያ ያለው የፋርማሲ ባለሙያ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። እርሱ ሲሄድ የዕደላ መስኮቱ የሚተርፈው ለነርሱ ወይም ለጤና መኮንኑ ነው። ይህን ብሎ ባለሙያውን «አትሂድ» ማለት የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም፤ መብቱ ነውና። አካሄዱ ግን የሙያ ጉዳይ ነው፤ በምዝገባውም ላይ በቀጥታ ይንጸባረቃል።

የመድኃኒት መጋዘን የተረከበ ባለሙያ ሳያስረክብ ከጠፋ ክሊራንስ አይሰጠውም። ክሊራንስ ከሌለው የልምድ ደብዳቤ አይጻፍለትም። በቆጠራ ጉድለት ተጠያቂ ከሆነ ደግሞ «ጉድ ስታንዲንግ» የሚለው ደብዳቤ ራሱ ሊከለከል ይችላል። ዓመታትን የፈጀ ዝግጅት በመጨረሻዋ ሳምንት ችኮላ የሚበላሸው እንዲህ ነው። በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ በክልሉና በአገሪቱ የተስፋፋው ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓት ርክክቡን አቅልሎታል። ሥርዓቱ ባለበት ተቋም እያንዳንዱ ገቢና ወጪ በሰነድ የተመዘገበ ስለሆነ ጉድለቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ሥርዓቱ በሌለበት ጤና ጣቢያ ባለሙያው ራሱ ከመልቀቁ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ የቆጠራ ኮሚቴ እንዲቋቋም በጽሑፍ ይጠይቃል። ቢን ካርዱን ከመደርደሪያው ጋር ያመሳክራል። የሞዴል 19 እና የሞዴል 22 ጥራዞችን ተከታታይ ቁጥር አረጋግጦ ያስረክባል። ጊዜያቸው ያለፈባቸውን መድኃኒቶች ለብቻ ለይቶ በዝርዝር ያስመዘግባል። ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶችን ከመዝገባቸውና ከቁልፋቸው ጋር፣ ተረካቢው ባለበት በፍሬ ቆጥሮ ያስፈርማል። ከተፈረመው የርክክብ ቅጽ አንዱን ቅጂ ከዲግሪው ጋር አድርጎ ይዞት ይሄዳል።